ያላየሁት ውሃ

«ለታችኛው ጨፋ ሕዝብ ምንም መልእክት አልደረሰም» ይላል ወረቀቱ። ደርሷል። ያደረስኩት እኔ ነኝ። በእግሬ ሮጬ፣ በአፌ ተናግሬ፣ ድገሚው ስባልም ሳልጨምር ሳልቀንስ ደግሜ አድርሻለሁ። ያ ውሸት ከአርባ ዓመት በላይ በማኅተም ሥር ተኝቷል። እሱ ሲተኛ እኔ አልተኛሁም። አሁን ጻፊው ስላልሽኝ እጽፈዋለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሺኝ፤ ነገሩን ግን አላንጋድደውም።

ያን ቀን ለአደጋ ጊዜ ልታሠለጥኚን መጥተሽ ከሚሴ አዳራሹ ውስጥ ራዲዮዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሽና «ስልክ ሲቋረጥ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ይቺ ትደርስላችኋለች» አልሽን። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ልጇ ታሞባት አምቡላንስ መጥራት ያልቻለች እናት እዚያው ከፊትሽ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ቁልፏን አዞርሽ፤ ያ ድምፅ ወጣ። ጤፍ ከአንድ ጆንያ ወደ ሌላ ሲገለበጥ የሚያሰማው ዓይነት፣ ረጅም፣ ማቆሚያ የሌለው። ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሙቀቱ መስሎሽ ውሃ አቀበልሽኝ፤ አልጠጣሁትም። ያንን ድምፅ በሕይወቴ ሁለት ቦታ ሰምቼዋለሁ። አንዱ ከሳጥን ውስጥ ነበር። ሌላው ከሳጥን አልነበረም።

ቀጥለሽ ይዘሽው ከመጣሽው የድሮ ፋይል አነበብሽልን። በዚህ አካባቢ ከዚህ ቀደም አንድ መምህር በራሱ ራዲዮ ይሠራ እንደነበር፣ ጎርፉ በመጣ ጊዜ ግን ምንም እንዳልጠቀመ፣ መልእክት እንዳልደረሰ። ተነስቼ «ውሸት ነው» ያልኩሽ ያኔ ነው። የልጅ ልጄ ቀሚሴን እየጎተተች «አኮ፣ ተቀመጪ በአላህ» አለችኝ። አልተቀመጥኩም።

መምህሩ የሳይንስ አስተማሪያችን ነበር። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሲናገር እጁን ኪሱ ውስጥ የሚከት ሰው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረችው። በሯ ሲከፈት የቀለጠ ቆርቆሮና የጋለ አቧራ ይሸት ነበር። ራዲዮውን የሠራው ራሱ ነው። ሳጥኑ ሻይ ቅጠል የመጣበት ጣውላ ነበር፤ ባትሪው ከተሰበረ የጭነት መኪና የተወሰደ ሲሆን ሲደክም ወፍጮ ቤት ተወስዶ ይሞላ ነበር። ሽቦው ከጣሪያው ተነስቶ እስከ ትልቁ ሾላ ድረስ ተወጥሯል። ጠዋት ጠዋት ወፎች ይሰፍሩበት ነበር፤ እሱም ወጥቶ በእርጋታ፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው፣ ያስነሳቸው ነበር።

ግድግዳው ላይ በመስታወት የተከደነ ፈቃድ ተሰቅሏል። በንጉሡ ጊዜ የተሰጠ ነው። መንግሥት ሲለወጥ የሚያድስለት ቢሮ አጣ፤ የሚከለክለውም አላገኘ። «እንደ እኔ ያሉ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ አማተር ይሏቸዋል። አማተር ማለት ደመወዝ ሳይኖረው የሚወድ ማለት ነው» ይለን ነበር። ክሊኒኩ መድኃኒት ሲያልቅበት ይጣራል። አንድ ጊዜ ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች፤ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ሲያይ እሱ ኮምቦልቻ አካባቢ ያለ ሰው አግኝቶ መኪና አስላከ። ያ የተወለደው ልጅ ዛሬ አያት ሊሆን ደርሷል። ይህስ ፋይሉ ላይ አለ? የለም።

እናቴ ያንን ሳጥን ትፈራው ነበር። «ጂኒ ነው የሚያናግረው፣ አላህ ይጠብቀን» ትላለች። አባቴ ደግሞ «ጂኒ ቢሆን አማርኛውን እንዲህ አይሰባብረውም ነበር» ይላታል። እንደዚያ እየተባባሉ ከትምህርት በኋላ እንድሄድ ፈቀዱልኝ። ጆሮዬ ጥሩ ነበር። በዚያ የጤፍ ድምፅ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣ ቀጭን ሰው አይጠፋኝም ነበር። መምህሩ ማዳመጫውን አውልቆ ጭንቅላቴ ላይ ያደርግና «ጆሮሽ የቀበሮ ነው፣ ነይ እስቲ» ይለኛል። ሦስት ነገር አስተማረኝ። ሌላው ሳይጨርስ አትናገሪ። የሰማሽውን መልሰሽ ንገሪው፣ የመሰለሽን አትጨምሪ። ልክ ነው ሲልሽ «ደርሶኛል» በይ። ደርሶኛል ካልሽ በኋላ መልእክቱ የሱ መሆኑ ይቀርና ያንቺ ዕዳ ይሆናል አለኝ። ዕድሜዬ አሥራ አምስት ነበር፤ ቃሉ ደስ አለኝ እንጂ አልከበደኝም።

ሌላ አስተማሪም ነበረችኝ። በየዓመቱ በጋ ሲገባ ከቆላ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ጨፋ ሣር የሚመጡ ሰዎች አሉ። ከነሱ የአንደኛው ሽማግሌ ልጅ ወተት ይዛ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ትቆም ነበር። ወተቷን የምታመጣበት ቅል በጭስ የታጠነ ነውና ከመንገዱ ማዶ ይሸተኝ ነበር። እኩያዬ ነበረች። በኦሮምኛ እንጀምራለን፣ መሀል ላይ አማርኛ ይገባል፣ ሲከፋት በራሷ ቋንቋ ትጨርሰዋለች። የመጀመሪያ ቃሏ ሁልጊዜ «ኦዱ?» ነው። ወሬ?

በነሱ ዘንድ ወሬ ጨዋታ አይደለም። ዳጉ ይሉታል። መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው፣ ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ካልተነጋገሩ አይላለፉም። ያየ ሰው ምልክት ይሰጣል፤ የሰማ ሰው ያየውን ሰው ስም ከነአባቱ ይጠራል። ስም የሌለው ወሬ ሬሳ ነው፣ ማንም አይሸከመውም። አንድ ቀን «ሰንበቴ ገበያ ላይ አንድ በሬ ሰው ወጋ» አልኳት። «በየትኛው ቀንዱ?» አለችኝ። አላውቅም። «ማን አየ?» አላውቅም። ቅሏን ዘጋችና «ወተት ለወሬኛ አይሸጥም፣ ሂጂ» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ያን ቀን ሳልጠጣ ቀረሁ።

እኔ ደግሞ የራዲዮውን ሥርዓት ነገርኳት። ሳቀች። «ነጮቹ ዳጉን ከኛ ሰርቀው ሳጥን ውስጥ ከተቱት» አለች። ከዚያ ወዲያ ማንኛውንም ነገር ስነግራት አገጯን ከፍ አድርጋ፣ እንደ መምህሩ እጇን የሌላት ኪስ ውስጥ የከተተች መስላ «ደርሶኛል» ትለኝ ነበር። «አሞኛል» ስላት ደርሶኛል። «ነገ አልመጣም» ስላት ደርሶኛል። የግራ ኮንጎ ጫማዬ ጎኑ ላይ ሲቀደድ ከወገቧ ወስፌ አውጥታ በፍየል ጠፍር ሰፋችልኝ። ስፌቱ እንደ እሾህ አጥር የተጠላለፈ ነበር፤ እንደዚያ የሚሰፋ ጫማ በከሚሴ አልነበረም። «ጫማው ያልቃል፣ ስፌቱ አያልቅም» አለችኝ።

እንግዲህ ያ ቀን።

የበልግ ወቅት ነበር። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ ገና ረፋድ ላይ ቆርቆሮ የሚያስጮህ ነበር። ትምህርት አልነበረም፤ ወንዶቹ በሙሉ ወንዙ ዳር ለሽምግልና ወርደዋል። በሣሩ ጉዳይ ገበሬውና ከብት አርቢው ተጣልተው ነበር። ቆላዎቹ ዝናብ በአገራቸው እስኪጥል መቆየት ይፈልጋሉ፤ የኛዎቹ መሬቱን ለእርሻ ይፈልጋሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዚሁ ነገር ደም ፈስሷል። ስለዚህ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሽማግሌ ሲቀመጥ ደግሞ አንድ ደንብ ነበር። ዱዓ ተደርጎ እስኪነሱ ድረስ ከብት ከቆመበት አይነቀነቅም። ቀድሞ ከብቱን ያንቀሳቀሰ ወገን መብቱን እንደለቀቀ ይቆጠራል።

መምህሩን ወባ ጥሎት ሁለተኛ ቀኑ ነበር። እናቴ አጥሚት ሰጥታኝ ይዤለት ሄድኩ። አልጋው ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። «አራት ሰዓት ሆነ? ክፈችው» አለኝ። ከፈትኩት። ጤፉ ፈሰሰ። ቆየሁ። በውስጡ ሰው አልነበረም። ልዘጋው እጄን ስሰድ፣ ከታች፣ ከሩቅ፣ ሰውየው መጣ።

እሱን በድምፁ ብቻ ነው የማውቀው። ላይ፣ የቦርከና ወንዝ ከሚነሳበት በኩል፣ በአንድ ክሊኒክ የሚሠራ አስታማሚ ነበር። ስሙን አያውጅም፤ የራዲዮ ሰዎች የሚጠሩት በተሰጣቸው ፊደልና ቁጥር ነው። ሁልጊዜ ሰላምታ ያበዛ ነበር። ያን ቀን ሰላም አላለም። «ለታችኛው ጨፋ» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ደጋው ላይ ዘንቧል። ቦርከና ከድልድዩ በላይ እየሄደ ነው። ዛፍ ከነሥሩ ይዟል። ሰውም ከብትም ከሣሩ ይውጣ።»

መልሼ ነገርኩት። «ልክ ነው» አለ። «ደርሶኛል» አልኩ። መምህሩ ከአልጋው ቀና ብሎ «መቼ ይደርሳል በይው» አለኝ። ጠየቅኩት። «እስከ ዙህር…» አለ፤ ከዚያ ባትሪው ደከመና ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ከመጥፋቱ በፊት አንድ ነገር ተናግሯል። ሦስት ወይም አራት ቃል ነው። ጆሮዬን ተጭኜ ያዝኩት፤ አልሰማሁትም። ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መምህሩ ሊነሳ ሞከረና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ የአመድ ቀለም ነበረው። «አንቺ ሂጂ» አለኝ። «ሩጪ። የሰማሽውን ብቻ ንገሪያቸው።»

ኮንጎ ጫማ ላብ ሲገባው ያንሸራትታል። ከከተማው እንደወጣሁ አወለቅሁና በእጄ ይዤ ሮጥኩ። ሜዳው እንደ ወትሮው ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ከብቱ ይግጣል፣ ሰማዩ ንጹሕ ነው፣ ቦርከና በአልጋው ውስጥ ተጋድሞ ያንጸባርቃል። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ረግረጉ ጋ ስደርስ እንቁራሪቶቹ ዝም ብለው ነበር። ከላይ በኩል ነፋስ መጣ፤ የረጠበ አፈር ሸተተኝ። አንድም ደመና አልነበረም።

ሽማግሎቹ ከፍ ካለው ዳር፣ ከግራሩ ሥር፣ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ከነሱ በታች ወንዙና አሮጌው ቦይ ያቀፉት ዝቅተኛ ሣር አለ፤ ከብቱ በሙሉ እዚያ ነበር። መሀል ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ካኪውን ለብሶ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበር፣ ጢሙን የሚያበጥር።

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ይሮጣል እንዴ?» አለኝ።

ተናገርኩ። «ቦርከና ከላይ ሞልቷል። ከድልድዩ በላይ እየሄደ ነው። ዛፍ ከነሥሩ ይዟል። ሰውም ከብትም ከሣሩ ይውጣ።» «እስከ ዙህር» ብሎ ድምፁ መጥፋቱንም ነገርኳቸው። ትንፋሼ ተቆራርጦ ስለነበር ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት።

የወተቷ ልጅ አባት ከማዶው ረድፍ ነበር። ረጋ ብሎ «አይተሻል?» አለኝ።

«አላየሁም። ሰማሁ።»

«ማን አየ?»

«ላይ ያለው ሰውዬ። በራዲዮ።»

«ስሙ ማነው? የማን ልጅ ነው?»

«ስሙን አላውቅም። ፊደልና ቁጥር ነው ያለው።»

ከኛ ወገን አንዱ «ቁጥር ያለው ሰውማ እስረኛ ነው» አለና ሳቁ። ሌላው ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ደመና አሳዪኝና እነሳለሁ» አለ። የልጅቷ አባት ግን አልሳቀም። አሁንም በእርጋታ «ከሣሩ የሚያስወጣን ወሬ ትናንት አልመጣም። ዛሬ፣ ሽማግሌ በተቀመጠበት ቀን፣ ከገበሬ ልጅ አፍ መጣ» አለ። ያኔ ገባኝ። ለሱ የምነግረው ስለ ውሃ አልነበረም። ከብቱን ካንቀሳቀሰ ሣሩን አጣ።

ከኋላዬ አንዲት የኛ ሰፈር አሮጊት ቆማ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «አየሁ በይ» አለችኝ። «ከጉብታው ላይ ሆኜ በዓይኔ አየሁ በይ፣ ይነሳሉ።»

ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ሦስት ፊደል፣ አየሁ። አንዱ አስተማሪዬ የሰማሽውን ብቻ ብሎኛል፤ ሌላዋ ወተት ለወሬኛ አይሸጥም ብላኛለች። አልዋሸሁም። በዚህ ነገር ትክክል ነበርኩ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። እኔ ራሴን ጠይቄ የጨረስኩ አይደለሁም።

ለሊቀመንበሩም ፍርዱን ልስጠው፤ እኔ የሰውን ሐቅ አልበላም። አዟቸው ቢያስነሳና ውሃው ባይመጣ፣ ያ ሽምግልና ፈርሶ እዚያው ይጋደሉ ነበር። እሱ ያንን ነው የፈራው። «ፈረሰኛ ወደ ላይ ሄዶ ይይ» አለ። «እስከዚያ ማንም ከተቀመጠበት አይነሳም፣ ከብትም አይነቀነቅም። አንቺም ሂጂና ለመምህርሽ ኪኒን ስጪው፤ ትኩሳቱ ነው የሚያስለፈልፈው።» እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የሰው ጥፋት ነው። በደሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ሴቶቹ ከሽማግሎቹ ራቅ ብለው፣ እዚያው ከፍታው ላይ ተቀምጠው ነበር። የወተቷ ልጅ ከመሀላቸው ተነስታ ወደ እኔ መጣች። አልሳቀችም።

«ሁለቴ ተናገረው?»

«መልሼ ነገርኩት፣ ልክ ነው አለኝ።»

«ጨመርሽበት?»

«አልጨመርኩም።»

ዓይኔን አየችው፤ ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ሣሩ አየች። ጥጆቻቸው ለብቻቸው በጣም ዝቅ ካለው ቦታ፣ ከቦዩ አፍ ላይ ታስረው ነበር። «ጥጃ ገና ከብት አይባልም፣ ሽማግሎቹ ጥጃ አላሉም» አለች። አገጯን ከፍ አደረገች። እጇን የሌላት ኪስ ውስጥ ከተተች። «ደርሶኛል» አለችና ወረደች።

ጫማዬን ግራሩ ሥር ጥዬ ልከተላት ስል አሮጊቷ ክንዴን ያዘችኝ። ልጅቷ እየፈታች ነዳቻቸው። በየሁለት በየሦስት ወደ ዳሩ አወጣቻቸው፤ ተመልሳ ወረደች። አባቷ አየና ቆጣ ብሎ ተጣራ፤ አልሰማችውም ወይም አልሰማሁም አለች። የዙህር ሰዓት ደረሰ። ሽማግሎቹ ለሶላት ተነሱና ውዱእ ለማድረግ አንዳንዶቹ ወደ ውሃው ጠጋ አሉ። አንዱ ውሃ ዘግኖ እጁ ላይ እንዳለ ቆመ። ውሃው የገል ቀለም ነበረው፤ የገለባ ስብርባሪ ይዟል።

ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ከሳጥን አልነበረም። ከላይ በኩል፣ ከሸለቆው ሙሉ ወርድ፣ ጤፍ ከጆንያ ወደ ጆንያ። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ማንም ቀና አላለም፤ እኔ ብቻ አወቅሁት።

ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ዛፍ ከነሥሩ ቆሞ ሲሄድ አየሁ። ዳሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ወደ ላይ ሸሹ፤ ግራሩም ሥሩ ያለው መሬትም ሄደ። ከብቱ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ሁለተኛ አልጮኸም። ልጅቷ የመጨረሻውን ጥጃ ገመድ ይዛ፣ ጀርባዋን ወደ ውሃው አድርጋ፣ ወደ እኛ ትሮጥ ነበር። ከዚያ የነበረችበት ቦታ አልነበረም። ያወጣቻቸው ጥጆች ከጎናችን ተደርድረው ቆመው፣ እናቶቻቸውን ይጠሩ ነበር። ሰማዩ አሁንም ጥርት ያለ ነበር።

ፈረሰኛው በማግስቱ ተመለሰ። ውሃውን መንገድ ላይ አግኝቶት ኮረብታ ላይ አድሯል። ያየውን ነገረን። ከምልክት ጋር።

በሳምንቱ የመንግሥት ሰዎች በመኪና መጡ። ሊቀመንበሩ ቃሉን ሰጠ፤ ጻፉለት። መልእክት አልደረሰም አለ። ደርሶኝ ነበር ካለ፣ ለምን አላስነሳህም ይሉታላ። ልጅቷስ? «የሽማግሌ ትእዛዝ ተላልፋ በገዛ ፈቃዷ ወደ ሣሩ ወረደች።» እንዲህ ነው የተጻፈው። እሷ የወረደችው መልእክቱ ስለደረሳት ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ደርሶኛል ያለች እሷ ብቻ ናት፤ የሞተችውም በሱ ነው፤ ወረቀቱ ይህንን እንኳን ነጠቃት። እኔ ባልናገር ኖሮ ከሴቶቹ ጋር ዳሩ ላይ ተቀምጣ ትተርፍ ነበር። ይህንን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም፤ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወደ መምህሩ ሄዱ። መልእክት ካልደረሰ ራዲዮው ለምን ነበር? ከማን ጋር ነበር የምታወራው? እሱ ስለ ጎርፉ ነው ይላቸዋል፤ እነሱ ወረቀቱን ያሳዩታል። ሾላው ላይ ያለውን ሽቦ ቆርጠው ሲጥሉት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። የሻይ ሳጥኑን እንደ ሬሳ ለሁለት ተሸክመው መኪናው ላይ ጫኑት። በመስታወት ያለውንም ፈቃድ ወሰዱት። እሱ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። «መልእክቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አንዱ ወታደር «ይቺን ልጅ ማነው ያመጣት?» አለ። እናቴ አፌን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወደ ቤት ጎተተችኝ። መኪናው እሱንም ጭኖ ወደ ደሴ አቅጣጫ ሄደ። መምህሩን ከዚያ በኋላ ያየ ሰው አላገኘሁም። ያየ ስለሌለ ሞተ አልልም፤ አለም አልልም።

የልጅቷ አባት ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት ቤታችን ደጃፍ ድረስ መጣ። አልገባም። ዱላውን ተደግፎ «ልጄ የመጨረሻ ምን አለችሽ?» አለኝ። ነገርኩት። «ከአፏ ሰማሽ?» አለ። «ከአፏ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። በነሱ አገር ያ ወሬ ከነባለቤቱ ስም፣ ሳይጨመርበት፣ ከሰው ወደ ሰው እንደሄደ አምናለሁ። ወደ ባቲ ገበያ የሚወጡ የቆላ ሰዎች አንድ ጊዜ ለኔው ለራሴ ነግረውኛል፤ እኔ መሆኔን ሳያውቁ። አንድም ቃል አልተሳሳቱም። የተሳሳተው የተጻፈው ብቻ ነው።

ጫማዎቼ ከግራሩ ጋር ሄዱ። እናቴ ስትጠይቀኝ «ጠፉብኝ» አልኳት። ለሌላ ሰው ስለነሱ አውርቼ አላውቅም። የሚወራ ነገርም አልመሰለኝም ነበር።

ሊቀመንበሩን ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። አንደኛ ልጅ ሆኜ፣ ገበያ መሀል፤ «ሂጂ እናትሽን አግዢ» አለኝ። ሁለተኛ ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ ልጅ አዝዬ ቤቱ ሄጄ፤ «ብዙ ነገር ነበር፣ አላስታውስም» አለኝ። ሦስተኛ አንቺ ፋይሉን ባነበብሽ በማግስቱ ነው።

ከሴት ልጁ ጋር እዚሁ ከሚሴ ይኖራል። አርጅቷል፤ ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። በረንዳው ላይ በገመድ አልጋ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ልጁ «አባባ፣ እንግዳ መጥቷል» ብላ ወንበር ሰጠችኝ። አልተቀመጥኩም።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩት። በድምፄ አወቀኝ። ሰላምታውን መለሰ።

«መምህሩን እንድትመልስልኝ አልመጣሁም» አልኩት። «ልጅቷንም አትመልስም። እስር ቤትም አልወስድህም፤ ሁለታችንም አርጅተናል። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝና ልሂድ። እኔ ያን ቀን መጥቼ ነበር ወይስ አልመጣሁም?»

መንገድ ላይ ባጃጅ አለፈ። ልጁ ከውስጥ ሥራዋን አቁማ ታዳምጥ ነበር፤ የሳህኑ ድምፅ ስለቆመ አወቅሁ። ሊመልስልኝ አይደለም ብዬ ነጠላዬን ሰበሰብኩ።

ያን ጊዜ ፊቱን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ወንዙ በኩል አዙሮ ተናገረ።

«ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ ነበር» አለኝ። «የግራው በፍየል ጠፍር የተሰፋ ነበር።»